ማሞቂያው ሳይለቀቅ ጉርጧ ትዝፈን

ዶንካ አሻንጉሊቷን ጉርጥ ይዛ ስትሠራ የሦስተኛው አዳራሽ በር እጀታ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ክሩ ካለ ማንም አይገባም። ዳይሬክተሩም ይሁን፣ የጽዳት ሠራተኛም ትሁን፣ ቤቱ እሳት ይዞትም ቢሆን መጀመሪያ በሩን በጣት ጫፍ ቆርቆር አድርጎ "እጅሽ ነፃ ነው?" ማለት ግድ ነው። ነገሩ ኩራት አይደለም። የአሻንጉሊት ፊልም የሚሠራው አሻንጉሊቱን በፀጉር ስፋት አንቀሳቅሶ ፎቶ በማንሳት፣ እንደገና አንቀሳቅሶ እንደገና በማንሳት ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል አንድ ሰው መድረኩን በክርኑ ነካ ካደረገው፣ ጉርጧ ፊልሙ ላይ ጋኔን እንደያዘው ሰው ትዘላለች። ለዚያ መድኃኒት የለውም፤ ከሀ መጀመር ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ሶፊያ ከተማ ውስጥ ከሀ መጀመር የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። ስቱዲዮው ሊዘጋ ነው። መንግሥት እጁን አንስቷል፤ ንብረቱን የሚያጣራ ሰው ተሹሟል። አጣሪው ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሠራተኛውን ሰብስቦ የነገራቸው ነገር አጭር ነበር፤ እስከ ዓርብ ያለቀ ፊልም ወደ ፊልም ማከማቻ ይሄዳል፣ ያላለቀ ግን ፊልም አይባልም፣ ዕቃ ነው። ዕቃ ደግሞ ከአሮጌ ሽቦና ከተሰበረ መብራት ጋር ተጠቅልሎ፣ ፊልሙን አጥቦ ላዩ ላይ ያለችውን የብር ማዕድን ለሚለቅም ሰው ይሰጣል።

ያላለቀው አንድ ፊልም ብቻ ነበር። "ከቦዩ እስከ መድረኩ" ይባላል። ቀልድና ዘፈን ነው። ጭቃ ቦይ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ጉርጥ፣ አንድ ኤሊና አንድ ፍልፈል ዝነኛ ዘፋኞች ካልሆንን ብለው ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ከተማው ውስጥ መድረክ ላይ የሚወጡት አእዋፍ ብቻ ናቸው። ኤሊው አኮርዲዮን ይጫወታል፤ እሱ አንዱን ዜማ እስኪጨርስ ሰዉ እራቱን በልቶ ይመለሳል። ፍልፈሉ ከበሮ ይመታል፤ መብራት ካየ ግን ይደነግጥና ቆፍሮ ከመሬት በታች ይገባል። ጉርጧ ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ የተሰነጠቀ ድስት ነው። አእዋፉ ይስቁባቸዋል፣ ያባርሯቸዋል፣ በመጨረሻ ግን በከሰል ማስገቢያው በር ሾልከው መድረኩ ላይ ይወጣሉ። ፍልፈሉ መብራቱን አይቶ ይጠፋል። ጉርጧ ግን ትዘፍናለች። የቀረው ይኸው ዘፈን ነበር።

የጉርጧ ድምፅ የጊና ነው። ጊና የስቱዲዮው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ሰፊ ሴት፣ ስትራመድ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች፣ የባቄላ ሾርባ እየጨለፈች ጮክ ብላ የምትዘፍን። ዳይሬክተሩ ቪሳሪዮን ስንት ዘፋኝ ሴት ሞክሮ ካባረረ በኋላ አንድ ቀን ሳህኑን ይዞ ተራ ሲጠብቅ ሰማት። "ይቺ ናት!" አለ። ለጊና የመሰላት ጨው በዛ ሊል ነው።

ዘፈኑ ሦስት ክፍል አለው። ጊና ሁለቱን ጥሩ አድርጋ ዘፈነችው። ሦስተኛው ላይ አኮርዲዮኑ እንደሚያስነጥስ በግ ያለ ድምፅ አወጣ፤ እሷም ሳቋ መጣ። ቀረጻውን እንዳላበላሽ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። የዘፈኑን የመጨረሻ ቃል ሳቁ በላው።

"ጀርባሽን ሰጠሽኝ እኮ! ድምፅሽ ጓዳ ገባ!" አለ ድምፅ ቀራጺው።

"ጓዳ ነው እንጂ ቤቴ፣ የት ልግባ ታዲያ?" አለች ጊና።

ነገ እንደግመዋለን ተባለ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ጊና ታመመች፣ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተች። ጉርጧን በጊና አረማመድ ያስኬደቻት ዶንካ ነበረች፤ ጊናም ይህን ስታውቅ "አንቺ፣ እሷን አሳምሪያት እንጂ እኔን አታዋርጂኝ!" ብላ ማንኪያ ወርውራባት ነበር። በሞተች ጊዜ አጥበው ካለበሷት ሴቶች አንዷ ዶንካ ናት።

ስለ ዶንካም ትንሽ መባል አለበት። የተወለደችው ዳኑብ ወንዝ አጠገብ፣ ረግረግ ካለበት መንደር ነው። የተማረችው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ጣቷ ትንንሽ ነገር ስለሚወድ ስቱዲዮው ለአሻንጉሊቶቹ የብረት አጥንትና መጋጠሚያ እንድትሠራ ቀጠራት። አንድ አንቀሳቃሽ ሲታመም "እስኪ ያንን ከኋላ የቆመውን ሕዝብ አንቀሳቅሺልን" አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ከኋላ የቆመ ሕዝብ ሁሉ የሷ ሆነ። ጉንዳን፣ ዶሮ፣ ወታደር፣ የገበያ ሰው። ፊት ለፊት የሚዘፍነውን፣ የሚያለቅሰውን፣ የሚሳመውን ስም ያላቸው ሰዎች ያንቀሳቅሱታል። የነሱ ስም ፊልሙ ሲያልቅ ብቻውን ይወጣል፤ የዶንካ ግን ከመብራት ሠራተኛና ከሹፌር ጋር ተደርድሮ፣ ሰው ካፖርቱን ሲፈልግ ያልፋል። ይህ ፊልም ሲጀመር ግን ስም ያላቸው ሁሉ ሄደው ነበር፤ አንዱ ጀርመን ነው፣ አንዱ ካሴት ይሸጣል፣ አንዷ ልጇ ጋ ገብታለች። ዶንካ ዋናዋን ጉርጥ ያገኘቻት የሚወስዳት ስለጠፋ ነው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ቆርቆር አለ።

"ዶንኬ፣ እጅሽ ነፃ ነው?" የቱቦ ሠራተኛው ጋሽ ስታመን ነው።

"ቆይ!" ጣቷን ከጉርጧ አገጭ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች፣ ካሜራውን አንዴ አስጮኸች። "አሁን ተናገር። እንዳትገባ ብቻ፤ ኮትህ ነፋስ ያመጣል።"

"እኔን ትተሽ ኮቴን ትፈሪያለሽ።"

"አንተን ለምጄሃለሁ። ኮትህ ግን የድንኳን ያህላል።"

"እሺ፣ ከድንኳኑ ውስጥ ወሬ ልንገርሽ። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሟል አይደል? ከተማው የቤት ማሞቂያውን ሙቅ ውሃ በየቱቦው ረቡዕ ሊለቅ ነው።"

ሶፊያ ውስጥ ሌላው ሰው ይህን ወሬ ሲሰማ ይደሰታል፤ ቃሪያ እየጠበሰ በረንዳ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሰነበተ ሁሉ እጁን ያፋትጋል። የአሻንጉሊት ፊልም ሰው ግን ያንን ቀን ገበሬ በረዶን እንደሚፈራ ነው የሚፈራው። ማሞቂያ በሌለበት ወራት ሙሉ እርጥበት የጠጣ የመድረክ ሳንቃ ሙቀት ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ጫፉ ይነሳል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ያየዋል። ፊልሙ ሲታይ ወለሉ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል። ስለዚህ ረጅም ቀረጻ ሁልጊዜ ከማሞቂያው በፊት ያልቃል፤ ካላለቀም ጋሽ ስታመን የሦስተኛውን አዳራሽ መስመር "ይረሳዋል።"

"እንደ ሁልጊዜው ርሳው እንጂ" አለች ዶንካ።

"እንደ ሁልጊዜው የት አለ? ሶፋ ሻጩ ኢቫይሎ ቱቦውን ሁሉ አስቀይሮታል። የሱ ሱቅና ያንቺ አዳራሽ አሁን በአንድ መዝጊያ ነው። አንቺን ከዘጋሁ ሶፋዎቹም ይበርዳቸዋል።"

"ሶፋ ይበርደዋል እንዴ?"

"ለባለቤቱ ይበርደዋል። እኔ ደግሞ አሁን የሱ ዘበኛ ነኝ፣ ዳቦዬ ከሱ ነው። ሂጂና ራስሽ ለምኚው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንገት የለውም እንጂ ልብ አለው።"

ኢቫይሎ የስቱዲዮውን ግማሽ ተከራይቶ የቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ ቀድሞ ትግል ይታገል የነበረ ወጣት ነው። ዶንካ ስትገባ ላስቲኩ ያልተላጠ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ባኒጻ የሚባለውን አይብ የገባበት ቂጣ ቦዛ በሚባል የእህል ጠላ እያወራረደ ነበር።

"እትዬ ዶንካ! ይቀመጡ። ላስቲኩን አይቅደዱት ብቻ።"

"ቆሜ ይሻለኛል፣ ልጄ። ማሞቂያውን እስከ ዓርብ አቆይልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።"

"ምን ሆኖ?"

"ጉርጧ ዘፈኗን አልጨረሰችም።"

ማላመጡን አቆመ። "ጉርጧ።"

"አዎ።"

"እትዬ፣ ገዥ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ቂጡ በረዶ ከሆነ ተነስቶ ይሄዳል። ምን ልበለው? ‹ይቅርታ ጌታዬ፣ ከግድግዳው ወዲያ ጉርጥ እየዘፈነች ነው› ልበለው?"

"እንደሱ በለው። የሚስቅ ሰው ይገዛል።"

ኢቫይሎ ራሱ ሳቀ። አፉን ጠረገና አያት። "ልጅ ሆኜ አንድ የጉንዳን ሠርግ ያሳዩን ነበር። እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?"

"እኛ ነን።"

"ከበሮውን ተሸክሞ የሚወድቀው! እሱን እርስዎ ነዎት?"

"እሱ ከፊት ነው፤ የሌላ ሰው ነው። የኔ ከኋላ ያሉት ናቸው።"

"ከኋላ..." ኢቫይሎ አሰበ። "ከኋላ አንዱ ጫማው ወልቆበት፣ ሁሉም ሲጨፍር እሱ ጎንበስ ብሎ ይፈልግ አልነበረም?"

ዶንካ እጇን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች። ያንን ጉንዳን ማንም ሳያዛት ነበር የሠራችው። ስቱዲዮው ውስጥ እንኳ ማንም አይቶት አያውቅም። "እሱ የኔ ነው" አለች።

"አገኘው ጫማውን?"

"አላገኘውም። ፊልሙ አለቀበት።"

ኢቫይሎ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ በአገራቸው ልማድ እሺ ማለቱ ነው። "እስከ ዓርብ ይሁን። ለስታመን ይንገሩት። ገዥ ከመጣ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጥ።"

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሥራው እንደ ዘይት ሄደ። ጉርጧ የዘፈኑን ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች። ኤሊው አኮርዲዮኑን አንዴ ከፍቶ አንዴ ዘጋ። ዶንካ መድረኩ ሥር በጀርባዋ ተኝታ የጉርጧን እግር ከሳንቃው ጋር የያዘውን ብሎን ትፈታለች፣ ትነሳለች፣ እግሩን ታሸጋግራለች፣ ተመልሳ ትተኛለች፣ ብሎኑን ታጠብቃለች። ጉልበቷ ከሷ ቀድሞ ያረጀ ነው፤ እሱ ያጉረመርማል፣ እሷ አትሰማውም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሦስተኛውን ክፍል ጀምራ ጥቂት እንደሄደች ከወለሉ በታች ዱብ አለ። ቀጥሎ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ካሜራው ላይ የተንጠለጠለችው ቁልፍ ተንቀሳቀሰች። ዶንካ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ትንፋሿን ያዘች። ድምፁ ቀጠለ፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ። "ተመስገን" አለች። ቁልፏ እስክትረጋ ጠብቃ አንድ ፎቶ አነሳች፣ ሌላ አነሳች። ከዚያ ከግድግዳው በኩል እንደ እባብ ሽሽ የሚል ነገር ሰማች። ማጅራቷ ላይ ሞቅ አላት።

በሩ ቆርቆር አለ። ቀስ ብሎ ነው የቆረቆረው።

"ዶንኬ፣ እጅሽ ነፃ ነው?"

"ምን አደረግክ?"

"መዝጊያውን ዘግቼው ነበር፣ እምላለሁ። ከተማው ውሃውን ሲለቅ ቱቦው ውስጥ እንደ መዶሻ መምታት ጀመረ። ሰማሽው አይደል? ወለሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ካሜራው! ካሜራው! ብዬ... ከፈትኩት።"

ዶንካ ልትጮህበት ብላ ተወችው። ሌላ ሕንፃ ውስጥ ያለ የቱቦ ሠራተኛ ቢሆን ቱቦው ይደብደብ፣ ግድግዳው ይናድ፣ የባለቤቱን ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ስታመንን ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት በሩ ላይ እያስቆሙ "አታንቀጥቅጥ! አትርገጥ! ተረከዝህን አንሳ!" ሲሉት የኖሩት እነሱ ናቸው። መንቀጥቀጥን ከሙቀት አስበልጦ እንዲፈራ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

"ልዝጋው?" አለ።

"ብትዘጋው ይመታል?"

"ይመታል።"

"እንግዲያ ተወው።"

"ዶንኬ..."

"ተወው አልኩህ። ሂድ፣ ቆመህ አትተንፍስ እዚያ።"

መስኮት መክፈት የማይታሰብ ነው። መስኮቶቹ ብርሃንና ነፋስ እንዳያስገቡ ከስንት ዘመን በፊት በጥቁር ወረቀትና በሙጫ የታሸጉ ናቸው። አዳራሹ ሞቀ። በመጀመሪያ የመጋረጃው ጨርቅ ረገብ አለ። ቀጥሎ ከጉርጧ ግራ እግር ሥር ያለው ሳንቃ ጫፉን አነሳ፤ አነሳሱ ከምስማር ራስ ውፍረት አይበልጥም፣ ግን ጉርጧ ወደ ቀኝ አዘነበለች። የላስቲክ ቆዳዋ ጉሮሮዋ ላይ፣ ልክ ስትዘፍን የሚነፋው ቦታ ላይ፣ ቀጭን ስንጥቅ አወጣ። ዶንካ ጥርሷን ነክሳ በቀጭን መሣሪያ ቀለም ቀባችው። ሁለት ፎቶ ሳታነሳ ስንጥቁ ከቀለሙ በታች እንደገና ፈገግ አለ።

ቪሳሪዮን መጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም። በሩ ላይ ቆሞ መድረኩን አየና የሆነውን ሳይነገረው አወቀ።

"ሁለቱ ክፍሎች አልቀዋል?"

"አልቀዋል።"

"በቃ፣ እዚያው ቁረጪው። መጋረጃውን ዝጊ። ካሜራው ውስጥ ያለችው ጥሬ ፊልም ለመጋረጃውና ለስማችን ትበቃለች። ሌላ ጥሬ ፊልም ሶፊያ ውስጥ ማንም አይሰጠንም።"

"ሦስተኛውን ክፍል ከሄድኩበትስ?"

"ከሄድሽበት ለስም የሚተርፍ የለም። መሃል ላይ ከተበላሸብሽ ደግሞ መጋረጃም የለም። መጨረሻ የሌለው ፊልም ዕቃ ነው፤ ሰውዬው ነግሮናል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዶንካ፣ ስምሽን ከሁሉም በፊት አደርገዋለሁ። ብቻውን፣ በትልቁ። ጉርጧን ያንቀሳቀሰች ብዬ።"

ዶንካ ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቀችው ራሷም አታውቅም። ሲመጣ ደግሞ በዚህ መልክ መጣ።

"የጊና ሳቅስ?" አለች።

"ጊና ሞታለች።"

"ለኔ ነው የምትነግረኝ? ያለበስኳት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ የዘፈነችው ሁለቱ ክፍሎች ይዳኑላት! በሁለት ክፍል ያለቀ ፊልም በሦስት ክፍል ካላለቀ ይሻላል። ይሄን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል እንዴ?"

"አያስፈልግም። እውነትህን ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ውጣልኝ። ነፋስ እያስገባህ ነው።"

ቪሳሪዮን ፊቱ ቀላ። "ወለልሽ ተነስቷል! ዕውር ካልሆነ በቀር ሰው ሁሉ ያያል!" ብሎ ወጣ። በሩን ግን፣ ተቆጥቶም ቢሆን፣ እንደ ለመደው በሁለት እጁ ይዞ ያለ ድምፅ ነው የዘጋው።

ዶንካ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቪሳሪዮን ትክክል ነበር፣ ያ ነው የሚያናድደው። ጊና በሁለት ክፍል ብትቀር ጥሩ የምትዘፍን ጉርጥ ትሆናለች፤ ማንም ዘፋኝ ሊሆን የሚችለውን ትሆናለች። ሦስተኛው ላይ ግን ጊና ራሷ አለች፣ ማንኪያዋን ይዛ። ያ ሳቅ ከዚያ የድምፅ ቴፕ ሌላ የትም የለም። ልጅ የላትም፣ ፎቶዋ እንኳ ያለው የምግብ ቤት መታወቂያዋ ላይ ነው። ዶንካ ይህን አሰበችና "እኔስ ከሷ ምን እሻላለሁ?" አለች ጮክ ብላ። መልስ የሰጣት ሳንቃው ነው፤ ቀጭ ብሎ ሌላ ጫፍ አነሳ።

ጫፉን ትክ ብላ አየችው። እንደተነሳ አልቀረም፤ ከጎኑ ያለውንም እየገፋ ነው። ሳንቃ በምን ይነሳል? ከሥሩ የሚገፋው ሲኖር። መድረክ ሥር ምን አለ?

ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ፍልፈሉ፣ መብራት ፈርቶ ከጠፋበት ቀረጻ ጀምሮ፣ ሥራውን ጨርሶ በጥጥ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። "ተነስ አንተ ፈሪ" አለችው። "ሰዎችህ እየዘፈኑ ነው።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚያውቁት ዶንካና ካሜራው ብቻ ናቸው። ሙቀቱ ያነሳውን ሳንቃ ልትደብቀው አልሞከረችም። ድሮ ጥርስ ስትሠራ ትጠቀምበት የነበረውን ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ አስገብታ ራሷም አነሳችው፤ ትንሽ አንስታ አንድ ፎቶ፣ ትንሽ አንስታ አንድ ፎቶ። ሙቀቱ በገዛ ፈቃዱ ሌላውን ሲያነሳ ፍልፈሉ መንገድ ስቶ እዚያ በኩል የሄደ አስመሰለችው። መድረኩ አበጠ፣ ጎበጠ፣ እብጠቱ ኤሊውን አልፎ እየዞረ መጣ። ጉርጧ እየዘፈነች ዓይኗን ወደ ታች ጣል አደረገች። በመጨረሻ ከፊቷ ያለው ሳንቃ ተፈነቀለና የፍልፈሉ ከበሮ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አፍንጫው።

ረቡዕ እንዲህ አለፈ፤ ሐሙስም። ዶንካ ዳቦና የቃሪያ ድልህ በቆመችበት በላች። ጋሽ ስታመን በየጊዜው መጥቶ በሩን ሳይቆረቁር ቆሞ ይሄድ ነበር፤ ጥላውን በበሩ ሥር ታየዋለች። እየገፋች ስትሄድ ግን የጉርጧ ጉሮሮ አልተሻለውም። ስንጥቁ ወደ ጉንጯ ወጣ። ወደፊት ያለው ደግሞ ሳቁ ነው። ለሳቁ አፍ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት፤ ያ ቆዳ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ከብረቱ ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይወርዳል።

ዓርብ ጠዋት ሳቁ ላይ ደረሰች። ቴፑን አስጀምራ ሰማችው። አኮርዲዮኑ አስነጠሰ፣ ጊና ሳቀች። አሁንም ደግማ ሰማችው። ሳቁ ሩቅ ነው። ድምፅ ቀራጺው ስንት ጊዜ የረገመው ያ ጓዳ የገባ ድምፅ ነው።

"ጀርባሽን ሰጠሽው" አለች ዶንካ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ። "ጀርባሽን ነው እኮ የሰጠሽው!"

ጉርጧን ማዞር ጀመረች። የፍልፈሉን ከበሮ ያየች፣ ሳቋ የመጣባት፣ ሰዉ ፊት ላለመሳቅ የዞረች ጉርጥ። ግማሽ ስትዞር ጉንጯ ተቀደደ፤ ዶንካ ራሷ ከስንት ጊዜ በፊት የሠራችው የብረት መንጋጋ ወጣ። ካሜራው ባለበት በኩል ግን የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነበር፤ የጊና ሰፊ ጀርባ። ትከሻዋን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ አደረገችላት። ፍልፈሉ ከበሮውን አንዴ መታ። ከዚያ ካሜራው ውስጥ የፊልሙ ጭራ ተለቅቆ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ አለ። አለቀ። ለአንድ ፊደል የምትተርፍ እንኳ አልነበረችም።

ዶንካ በሩን ከፍታ ቀዩን ክር ከእጀታው ፈታች። አጣሪው ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ ነበር። "አለቀ?" አላት። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ አዎ ማለቷ ነው።

ፊልሙ ታጥቦ ከመጣ በኋላ ትንሿ ማሳያ ክፍል ውስጥ አዩት፤ አጣሪው፣ ቪሳሪዮን፣ ዶንካ፣ ጋሽ ስታመን። ኢቫይሎም ሳይጠራ መጥቶ ከኋላ ቆመ። ወለሉ ማበጥ ሲጀምር ዶንካ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። የፍልፈሉ አፍንጫ ብቅ ሲል ኢቫይሎ እንደ ፈረስ ሳቀ። ጋሽ ስታመን "ይሄ ከይሲ! ከሥር ነበር ለካ!" አለ፤ ሳንቃውን ያስነሳው ራሱ መሆኑን ረስቶት። ጊና በጀርባዋ ስትስቅ ግን ማንም አልሳቀም። ስታመን አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ሸራው ነጭ ሆነ፣ ነጭ ሆኖም ቀረ።

"ስም የለውም?" አለ አጣሪው።

"የለውም" አለ ቪሳሪዮን። "አልቋል ግን።"

"አልቋል፣ አየሁት። ማን ሠራው ብዬ ልመዝግብ ታዲያ?"

ቪሳሪዮን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረው። የራሱን ስም ተናገረ። ትንሽ ቆይቶ "እና ደግሞ..." አለ፣ ወደ ዶንካ ዞር ብሎ። አጣሪው ግን እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ፣ ለሚቀጥለው ክፍል ቁልፍ እየፈለገ ነበር። ቪሳሪዮን ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ዶንካም ጨርስ አላለችውም።

ፊልሙ ማከማቻ ገባ። እስካሁን አውጡልን ያለ ሰው የለም። ጉርጧ ከነተቀደደ ጉንጯ ዕቃ ተባለችና ከሽቦው ጋር ሄደች። ዶንካ ከዚያ ወዲህ ለሥራ ያላንኳኳችው በር አልነበረም፤ የጥርስ ሐኪሞቹም እጇን አይተው ሳይሆን ዕድሜዋን ሰምተው መለሷት። በመጨረሻ የወሰዳት ኢቫይሎ ነው። ሦስተኛውን አዳራሽ ተከራይቶ የሶፋ ልብስ መስፊያ አደረገው። መስኮቶቹ ተላጡ፤ ብርሃን ይገባል፣ ነፋስም ይገባል። ከምትሰፋበት ጠረጴዛ ሥር የመድረኩ ብሎኖች የገቡባቸው ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፤ መርፌ ከወደቀባት እዚያ ውስጥ ትጠፋለች።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ብርዱ ሲገባ ከወለሉ በታች ዱብ አለ። ዱብ፣ ዱብ። ዶንካ መርፌዋን አየር ላይ አንጠልጥላ ትንፋሿን ያዘች፤ ለምን እንደያዘችው ያወቀችው ከያዘችው በኋላ ነው። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነበር፣ ጋሽ ስታመን ግን አልገባም። ከደፉ ወዲያ ቆሞ መቃኑን በጣቱ ጫፍ ቆርቆር አደረገ።

"ዶንኬ፣ እጅሽ ነፃ ነው?"

እጇን አየችው። አንዱ መርፌ ይዟል፣ አንዱ ጨርቅ።

"ነፃ ነው" አለች። "ማሞቂያውን ክፈተው።"